ወተት የተከለከለ ሕፃን ይዛችሁ ሀዋሳ ስትገቡ

ልጄን መጀመሪያ ሀዋሳ ይዤው የገባሁት በ14 ወሩ ነው። የላም ወተት አለርጂ አለበት፤ ወተት እንደማይስማማው ቀድሜ ለሁሉም በስልክ ነግሬያለሁ። በሦስተኛው ቀን አክስቴ ከምትበላው ሽሮ ትንሽ አቀመሰችው። ወተት አልሰጠችውም፤ ሽሮው ግን ቅቤ ነበረበት። ብዙም ሳይቆይ ከንፈሩ አበጠ፣ ገላው በሽፍታ ተሞላ፣ ሲተነፍስ ያፏጭ ጀመር። የያዝኩትን የአድሬናሊን መርፌ ጭኑ ላይ ወጋሁትና ወደ ሆስፒታል ሮጥን። ተረፈልኝ። አክስቴ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች።

በእሷ አልፈርድም። እኔ «ወተት አይስማማውም» ብቻ ነበር ያልኩት። እኛ ሀገር አይስማማውም ሲባል ሆዱን ይነፋዋል፣ ያስቀምጠዋል ማለት ነው። ስለዚህ አነጋገራችሁን ለውጡ። «ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ አሬራ፣ ቅቤ አፉ ከገባ ትንፋሹ ሊዘጋ ይችላል» በሏቸው። እያንዳንዱን በስሙ ጥሩ። ንጥር ቅቤም ቅቤ ነው፤ ሲነጠር ፕሮቲኑ ሙልጭ ብሎ አይወጣም። ወተቱን ማፍላትም አያድነውም። ለሕፃን ለጋ ቅቤ ማላስና ገላውን በቅቤ ማሸት የሚወዱ እናቶች ካሉም አስቀድማችሁ ተናገሩ። በተለይ ችፌ ያለበት ልጅ በተጎዳው ቆዳው በኩል አለርጂው ሊብስበት ይችላል። ቫዝሊን ይበቃዋል።

ስለ ፎርሙላ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ላክቶስ የሌለው ፎርሙላ ለአለርጂ መፍትሔ አይደለም። ላክቶስ ስኳር ነው፤ ልጁን የሚጎዳው ግን ፕሮቲኑ ነው። አውሮፓ ያላችሁ፣ «ኤች ኤ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጣሳ አያታልላችሁ። ፕሮቲኑ የተሰባበረው በከፊል ነው፤ አለርጂው ለተረጋገጠበት ልጅ አይሆንም። ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያዘው ፕሮቲኑ በጣም የተሰባበረውን ነው፤ ኑትራሚጅንና አሊመንተም ከዚህ ወገን ናቸው። ከ10 ልጆች 9ኙ ገደማ ይቀበሉታል። ለቀሩት እንደ ኒዮኬትና ኤሌኬር ያለ፣ ከአሚኖ አሲድ ብቻ የተሠራ አለ። የአኩሪ አተሩን 6 ወር ላልሞላው ልጅ በራሳችሁ አትጀምሩ። የምታጠባ እናትም ልጇ በጡቷ በኩል የሚነካው ከሆነ፣ ጡት ከማስጣል በፊት ራሷ ወተትና ቅቤ ስለማቆም ሐኪሟን ታማክር።

«የፍየል ወተት ስጪው፣ ይሻለዋል» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። በፍቅር ነው የሚሉት። ግን ፕሮቲኑ ከላሙ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል፣ የላም ወተት የማይችል ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የፍየሉንም አይችልም።

ሀዋሳ ላይ እነዚህን ልዩ ፎርሙላዎች አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ። በቀን 800 ሚሊ ሊትር ለሚጠጣ ልጅ 400 ግራም ጣሳ ከ3 እስከ 4 ቀን ነው የሚያቆየው። ለአንድ ወር 10 ያህል ጣሳ ያዙ፣ ሁለት ሦስት መጠባበቂያ ጨምሩ። ግማሹን በእጅ ሻንጣ፣ ግማሹን በሌላው አድርጉት፤ ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል። የሐኪም ደብዳቤና ሁለት የአድሬናሊን መርፌ ከእናንተ አይለዩ። የአለርጂ ሽሮፕ ትንፋሽ ለሚዘጋ አለርጂ አይበቃም። የታሸገውንም ውሃ ቢሆን አፍልታችሁ ተጠቀሙ።

ምግብ ላይ ጾም ትልቅ እፎይታ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ከሁሉም በላይ በሁዳዴ 55 ቀን፣ የሚጾም ቤት በዘይት ነው የሚሠራው። ነገር ግን ሀዋሳ ፕሮቴስታንቱ ብዙ ነው፤ በእነሱ ቤት ረቡዕም ቅቤ ሊኖር ይችላል። ጾም ስለሆነ ብቻ አትመኑ፣ ማማሰያው ቅቤ ነክቶ እንደሆነ ጭምር ጠይቁ። የሲዳማ አዲስ ዓመት በዓል ፍቼ ጨምበላላ ላይ ከደረሳችሁ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። የበዓሉ ምግብ ቡሪሳሜ ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት ነው የሚሠራው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ የምትበሉ ከሆነ፣ ለልጁ በምን እንደተጠበሰ ሳታረጋግጡ አታጉርሱት።

አሁን ሁላችሁም ወደምትጠይቁኝ ጥያቄ ልምጣ፤ ይተወዋል ወይ? አብዛኞቹ ልጆች ይተዋቸዋል። ዘግይቶ የሚመጣው ዓይነት፣ ሆድና ሰገራ ላይ የሚታየው፣ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ይለቃል። ወዲያው የሚያሳብጠው ዓይነት ይቆያል፤ ትምህርት ቤት እስኪገቡ ወይም ከዚያም በላይ። መጀመሪያ የሚለመደው ብዙ ጊዜ ኬክና ብስኩት ውስጥ በደንብ የተጋገረው ወተት ነው። ፈሳሹ ወተት መጨረሻ ይመጣል።

ይህን ግን ሀዋሳ ሄዳችሁ አትሞክሩት። «እስቲ ትንሽ እንየው» የሚባለው ነገር ዘመድ በተሰበሰበበት ሳሎን የሚደረግ አይደለም። የደም ወይም የቆዳ ምርመራው ውጤት መቀነሱን ያየ ሐኪም፣ መርፌው በእጁ እያለ፣ ክሊኒክ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ያቀምሰዋል። ለእኛ በ4 ዓመቱ የተጋገረው፣ በ5 ዓመቱ ወተቱ ራሱ ተፈቀደ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ «ገና ነው» ተብለን ተመልሰናል። ያኔ አልቅሻለሁ፤ አሁን ሳስበው መጠበቃችን ልክ ነበር።

ዘንድሮ በ6 ዓመቱ ሀዋሳ ወሰድኩት። አክስቴ በቅቤ ያበደ ቂንጬ ሠርታ አቀረበች። ማንኪያውን ግን አልነካችም። «አንቺ ራስሽ አጉርሽው» አለችኝ። አጎረስኩት። እስኪጨርስ ድረስ አጠገቡ ቁጭ ብላ ከንፈሩን ታየው ነበር።