የአንባቢያን ጥያቄ፦ የድሮ ኩንግ ፉ ፊልምና የተቆረጠው ተፋላሚ

ጥያቄ፦ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሆንግ ኮንግ በትንሽ ገንዘብ የተሠሩ የኩንግ ፉ ፊልሞችን እወዳለሁ። ግን ንግግሩ ከከንፈር አይገጥምም፤ አንዳንዴም ከተፋላሚዎቹ አንዱ ከስክሪኑ ውጭ ይቀራል። ጥፋቱ የፊልሙ ነው የቅጂው?

መልስ፦ ከንፈሩ የፊልሙ ነው። በጊዜው ሲቀረጽ ድምፅ አብሮ አይቀዳም ነበር፤ ንግግሩም የቡጢው ጩኸትም በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ይጨመር ነበር። ስለዚህ በቻይንኛውም ቢሆን ፍጹም እንዲገጥም አይጠብቁ።

የጠፋው ተፋላሚ ግን የቅጂው ጣጣ ነው። ብዙዎቹ ፊልሞች በሰፊ ምስል፣ 2.35 ለ 1 (ስፋቱ ከቁመቱ 2.35 እጥፍ)፣ ተቀርጸዋል። ለድሮው ቴሌቪዥን (1.33 ለ 1) ሲቆረጡ ከስፋቱ ከ40 በመቶ በላይ ይጠፋል። ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ያለበትን ቅጂ ይምረጡ። የቴሌቪዥንዎን እንቅስቃሴ ማለስለሻም (motion smoothing) ያጥፉት፤ ፍልሚያውን ከፊልም ይልቅ በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጸ ያስመስለዋል።

ውበቱ ያለው እዚሁ ሰፊ ምስል ላይ ነው። ውድ ማታለያ ስለሌለ ሸክሙ በተዋናዩ ላይ ይወድቃል፤ በርካቶቹ ደግሞ ከልጅነታቸው ዘፈንን ከአክሮባትና ከፍልሚያ ጋር በሚያስተምር የቻይና ኦፔራ ትምህርት ቤት የሠለጠኑ ነበሩ። እጁን ትተው እግሩን ይመልከቱ፤ ቀረጻው ሳይቋረጥ ስንት ምትና መከላከል እንደተከታተለ ይቁጠሩ።

ማጭበርበርም አለ፣ እሱም ቢሆን ደስ ይላል። ካሜራው በሰከንድ 20 ምስል ቀርጾ በ24 ሲታይ እንቅስቃሴው በ20 በመቶ ይፈጥናል። የሚያጋልጠው ልብሱና አቧራው ነው፤ እነሱም ይቸኩላሉ።