ለጂንካ ተዘጋጅተን ጋምቤላ ሂዱ ተባልን

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሰበታ ነው። ከቤተክርስቲያናችን ወጣቶች ጋር በሴሚስተር እረፍት ለሚሽን ጂንካ ልንሄድ ነበር። ጾመናል፣ ጸልየናል። ድራማ አጥንተናል። «ወንጌል ለጂንካ» የሚል ቲሸርት ሁሉ አሳትመናል። አሁን የሚቀበሉን ሰዎች አልተመቻቸውም ተባለና ጉዞው ወደ ጋምቤላ ተቀየረ። እኔ ጌታ ጂንካ ያለኝ ነበር የመሰለኝ። ተሳስቼ ይሆን የሰማሁት? ብቀርስ? እናቴም ወባውን ፈርታ አትሄጂም ብላለች።

መልስ፦ ልጄ፣ ቅር ቢልሽ አይፈረድብሽም። ስንት ሌሊት የጸለይሽላቸውን ሰዎች በአንድ ስልክ መተው ከባድ ነው። እኔ እዚህ ገላን ወጣቶችን ለወንጌል ስሸኝ ብዙ ዓመቴ ነው፤ እንዳንቺ ያዘኑ ልጆች ቤቴ መጥተው አልቅሰዋል።

ተሳስተሽ ሰምተሽ እንደሆነ እኔ ልፈርድ አልችልም። የሐዋርያት ሥራ 16ን ግን ቀስ ብለሽ አንብቢው። ጳውሎስ በእስያ (ያኔ እስያ የሚባለው የዛሬዋ ቱርክ ምዕራባዊ ክፍል ነው) እንዳይሰብክ ተከለከለ። ወደ ቢታንያ ልሂድ አለ፣ እሱም አልሆነም። በመጨረሻ ፊልጵስዩስ ገባ። እዚያ ጌታ ልቧን የከፈተላት ልድያ የትያጥሮን ሴት ናት። ትያጥሮን ደግሞ ያለችው እዚያው በተከለከለበት እስያ ነው! ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

የአገራችንም ታሪክ አለ። በ1920 ዓ.ም. ሚሲዮናዊው ዶክተር ቶማስ ላምቤና ባልደረቦቹ ከአዲስ አበባ የተነሱት ጅማ ብለው ነበር። ሥራቸው ግን የተጀመረው በሆሳዕና፣ በወላይታና በሲዳማ ሆነ። ኋላ ጣሊያን ሲያስወጣቸው ወላይታ ላይ ትተውት የሄዱት ጥቂት አማኝ ነበር። ሲመለሱ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አገኙ። ወንጌሉን ቤት ለቤት ያደረሱት የአገሬው ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ጋምቤላ ስትሄዱ ወንጌል ይዛችሁ እንደምትገቡ አታስቡ። ቀድሟችሁ ገብቷል። መካነ ኢየሱስን ጨምሮ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ለጂንካ ያጠናችሁትን ድራማ እንዳለ ተሸክማችሁ አትሂዱ። አሁኑኑ እዚያ ያሉትን መሪዎች ደውሉና «ምን እናግዝ?» በሏቸው። ምናልባት የሚፈልጉት የልጆች ትምህርት ነው፤ ምናልባት አጥር የሚያጥር ጉልበት ነው። ከተማው ውስጥ አማርኛ ያስኬዳችኋል፤ ግን አኙዋክኛና ኑዌርኛ የሚናገሩ ወገኖች ስላሉ አስተርጓሚ ከወዲሁ ጠይቁ። ቲሸርቱን ደግሞ እባካችሁ እዚያ አትልበሱት። እንግዳ ሲቀበል የሌላ ከተማ ስም ደረቱ ላይ የሚያይ ሰው ምን ይሰማዋል?

ለጉዞው ገንዘብ የሰጡሽን ሰዎች ሳትነግሪ እንዳትሄጂ። አክስትሽም ትሁን ጎረቤት፣ የሰጠችው ለጂንካ ብላ ነው። «ወደ ጋምቤላ ተቀይሯል፤ ይዋል ወይስ ልመልስ?» በያት። ጳውሎስ የቆሮንቶስ ጉዞውን ሲቀይር ሰዎቹ ቅር ብሏቸው ነበር፤ በሁለተኛው መልእክቱ ምክንያቱን ቁጭ አድርጎ ጻፈላቸው። መሪያችሁም ለእናንተ እንዲሁ ማድረግ አለበት። ሁሉን «ጌታ ቀየረው» ብሎ መሸፈን አልወድም። አንዳንዴ መንገድ ነው፣ አንዳንዴ የመኪና ኪራይ ነው። በግልጽ ጠይቁት።

እናትሽ ትክክል ናት። ሰበታ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፤ ጋምቤላ ከተማ ግን 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላ ነው፣ ወባ አለ። ከመሄድሽ በፊት ጤና ጣቢያ ሄደሽ ስለ መከላከያው አማክሪ። አጎበር ያዢ፣ ምሽት ላይ እጅጌው ረጅም ልብስ ልበሺ። ከተመለስሽ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን ካተኮሰሽ በዚያው ቀን ታይተሽ «ጋምቤላ ነበርኩ» በይ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ አሁንም ልብሽ እምቢ ካለ ቅሪ፤ ኃጢአት አይደለም። ልትሄጂ ከወሰንሽ ግን እናትሽን አንቺ ብቻ አታሳምኛት። መሪያችሁ ቤት ድረስ ይምጣ፤ የት እንደምታድሩ፣ ማን እንደሚቀበላችሁ፣ በማን ስልክ እንደምታገኝሽ ይንገራት።