መልስ፦ እናቴን ክብራን ገብርኤል ላስገባት እችላለሁ?

አትችልም። ክብራን ገብርኤል የጣና ሐይቅ ደሴት ገዳም ነው፤ ሴት አይገባበትም፤ እናትህ ጀልባ ላይ ቁጭ ብለው ሊጠብቁህ ነው። ከሱሉልታ ባሕር ዳር ድረስ ይዘሃቸው ሄደህ ይሄማ አይሆንም።

እዚያው ጣና ላይ ካለው ባሕረ ገብ መሬት፣ ዘጌ ውሰዳቸው። እዚያ ያለው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሴትም ወንድም ይገባበታል። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስን ከነፈረሱ ሲያዩ ከዚያ አይነቀሉልህም። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከወረዳችሁ በኋላ ግን በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር ነው፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ከዘራ ያዙ።

አደራ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሱ። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳበታል። እኔ አክስቴን ይዤ በ9 ሰዓት ስመለስ ነጠላዋ በውሃ በስብሶ፣ የጀልባውን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጋ ይዛ፣ ባሕር ዳር እስክንደርስ «እመብርሃን!» እንዳለች ነበር።