ውክፔዲያ ላይ ማረም ለምትጀምረው የኮምቦልቻ ልጅ

«ኮምቦልቻ ነኝ፤ አማርኛው ውክፔዲያ ላይ ጽሑፉንም፣ ሰንጠረዡንም፣ ፎቶውንም ማረም መልመድ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ አብሽሪ። እኔም ደሴ ቁጭ ብዬ ማንም ሳያሳየኝ ነው የለመድኩት። አካውንት አከፋፈቱን እዘለዋለሁ፣ ኢሜይል የከፈተ ሰው አያቅተውም።

1. ጽሑፍ። ቀላሉ ይሄ ነው። ከሌላ ገጽ ጋር ለማያያዝ ቃሉን በድርብ ማዕዘን ቅንፍ ታስገቢዋለሽ፣ [[ሐይቅ]] እንደማለት። ገጹ ካለ ሰማያዊ ይሆናል፣ ከሌለ ቀይ። ቀይ ስታዪ ግን «የለም» ብለሽ አዲስ ገጽ ለመክፈት አትቸኩይ። በ«ሀ» ጽፈሽ ያጣሽው በ«ሐ» ወይም በ«ኀ» ተጽፎ ተቀምጦ ይሆናል። «ሰ» እና «ሠ»፣ «ጸ» እና «ፀ»ም እንዲሁ ናቸው። ሁሉንም አጻጻፍ ፈልጊ፤ ገጹን ስታገኚው ለቀሩት አጻጻፎች መምሪያ መንገድ (አንባቢውን ወደ ትክክለኛው ገጽ የሚያሻግር) ሥሪላቸው፣ ሌላው ሰው እንዳንቺ እንዳይንከራተት።

2. ዓመተ ምሕረት። እዚህ ላይ ተዋርጃለሁ። ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን የደበደበው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 6 ቀን 1935። እኔ ከእንግሊዝኛው ገጽ ስገለብጥ ዓመቱን እንዳለ ወስጄ «1935 ዓ.ም.» ብዬ ለጠፍኩት። ጣሊያን በ1933 ከአገር ወጥቷል፤ እኔ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ መልሼ ደሴን አስደበደብኩት! አንድ አንባቢ በውይይት ገጹ ላይ «ወንድሜ፣ ከየት አምጥተህ ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። ደግነቱ የገጹ ታሪክ እያንዳንዱን ለውጥ ስለሚያስቀምጥ መመለስ ይቻላል። ችግሩ ስምሽም አብሮ መቀመጡ ነው። የሕዝብ ቆጠራውም ያው ነው፣ የ1999ኙን ቆጠራ «የ2007 ቆጠራ» ብለሽ እንዳትተዪው። ስለ ኮምቦልቻ ስትጽፊ ደግሞ ሁለት ቁጥር ያጋጥምሻል፦ 85,367 እና 58,667። የመጀመሪያው የወረዳው ነው፣ ሁለተኛው የከተማው። ሰዎች ቁጥሩ ተጋጨ ብለው ይጣሉበታል፣ አልተጋጨም።

3. ሰንጠረዥና መለጠፊያ (ቴምፕሌት፣ በየገጹ የሚገባ ዝግጁ ቅርጽ)። በስልክ አትሞክሪው። ሰንጠረዥ በቋሚ መስመሮች (|) ነው የሚሠራው፤ አንዷን ከረሳሽ ገጹ በሙሉ ይተራመሳል። እኔ ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ አንዲት የጠፋች መስመር ፍለጋ አንድ ሰዓት ከፍያለሁ። ከማስቀመጥሽ በፊት ቅድመ እይታውን ተመልከቺ። በስተቀኝ የሚወጣውን የከተማ መረጃ ሳጥን ከእንግሊዝኛው ገልብጠሽ ብታመጪ ደግሞ፣ መለጠፊያው አማርኛው ላይ ከሌለ በቀይ ስሙ ብቻ ተገትሮ ይቀራል። አማርኛው ላይ ስለ ሌላ ከተማ የተጻፈ ገጽ ክፈቺና የሠራውን ሳጥን ከዚያ ውሰጂ።

4. ፎቶ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ፎቶውም ጽሑፉም የተበላሸብኝ በአንድ ነገር ስለሆነ አብሬ ልንገርሽ። ስለ ደሴ አንድ ረጅም ገጽ ጻፍኩ። ሦስት ሳምንት ማታ ማታ። ስለ ወሎው ንጉሥ ሚካኤልና ደሴ ስላሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ያለውን ክፍል ከአንድ መሥሪያ ቤት ብሮሸር ላይ እንዳለ ገለበጥኩት። ፎቶዎቹንም ከዚያው በስልኬ አንስቼ ጫንኳቸው። «የመንግሥት ነው፣ የሕዝብ ነው» ብዬ። የቅጂ መብት ተብሎ ፎቶዎቹም ጽሑፉም ጠፉ። የገለበጥኩት ከራሴ ጋር ተቀላቅሎ ስለነበር የራሴም አብሮ ሄደ። በዚህ ምክንያት የተሰረዘ ገጽ ደግሞ ታሪኩ ለእንደኔ ዓይነቱ ተራ አባል አይታይም። ቅጂም አላስቀረሁ።

ፈቃድ ካመጣህ ይመለሳል ተባልኩ፤ ባለመብቱ ራሱ በኢሜይል መፍቀዱን መግለጽ አለበት። ብሮሸሩን ይዤ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ሴትየዋ ቀና ብላም አላየችኝ።

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ለውክፔዲያ ነው።»

«ቢሮው የት ነው?»

«ቢሮ የለውም፤ እኔ በፈቃደኝነት ነው የምጽፈው።»

«ታዲያ ማን ላከህ? ከላከህ አካል ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይዘህ ና።»

አራት ጊዜ ተመላለስኩ። በአራተኛው ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ፈቃዱ ማንም ሰው እንዲጠቀምበት፣ ለንግድም ጭምር የሚፈቅድ መሆን አለበት ብዬ እውነቱን ተናገርኩ። «ሌላ ሰው ሊሸጠው ነው?» አለኝ። «ይችላል» አልኩት። ከዚያ በኋላ ምን እንዳለኝ እዚህ አልጽፈውም። ስወጣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ነበር፣ እኔም እንደሱ ነበርኩ።

ስለዚህ ከብሮሸርም ከፌስቡክም ዓረፍተ ነገር አትገልብጪ። ቀኑን፣ ስሙን፣ ቁጥሩን ውሰጂ፣ መረጃ የማንም ንብረት አይደለም፤ አጻጻፉ ግን የጻፈው ሰው ነው። በራስሽ ቃል ጻፊና ምንጩን በማጣቀሻ አስገቢ። ምንጩ የታተመ ይሁን። አያቴ ነገሩኝ አይሠራም፣ ይሄ ያናድደኛል፤ ወሎ ውስጥ ከመጽሐፉ ይልቅ ሽማግሌው የሚያውቀው ይበዛል። ፎቶ ከሆነ ራስሽ አንሺና በዊኪሚዲያ ኮመንስ (የጋራው የፎቶ ማከማቻ) ጫኚ፣ ከዚያ በየትኛውም ቋንቋ ያለ ውክፔዲያ ይጠቀምበታል። እኔ ከደሴ በሃረጎ ዳገት ስወርድ መኪናው ቆሞ ኮምቦልቻን ከላይ ያነሳኋት ፎቶ እስካሁን ማንም አልነካትም።

ገጹን እንደገና በራሴ ቃል ጻፍኩት፤ በዚህ ጊዜ ሁለት ወር ፈጀብኝ፣ ወላሂ ከመጀመሪያው ይሻላል። ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጄ የዚያኑ መሥሪያ ቤት አዲስ ብሮሸር አመጣልኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ የእኔ አንቀጽ ተቀምጧል፣ ቃል በቃል፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር። መውሰድስ ይፈቀድላቸዋል፣ ውክፔዲያ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ፈቃዱ ክፍት ነው፤ ምንጭ መጥቀስ ግን ግዴታ ነው። የእኔም የውክፔዲያም ስም የለበትም። ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይዤ ልሂድ እያልኩ እስካሁን አልሄድኩም።

ሰንጠረዡ ካስቸገረሽ ጻፊልኝ። ኮምፒውተር የማገኘው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው።