ክፍሉ ጭጭ ሲልብሽ

ውድ ጠያቂዬ፣

ሒሳብ ማስተማር ከጀመርሽ ሁለተኛ ዓመትሽ ነው። «ጥያቄ ስጠይቅ ክፍሉ ጭጭ ይላል። እጅ የሚያወጡት ሁለት ሦስት ልጆች ብቻ ናቸው። የሌሎቹ ነገር ጭራሽ አይገባኝም። ሙያውን ልልቀቅ ወይ?» ብለሽኛል።

ለመልቀቅ አትቸኩዪ። ልጆቹ አልገቡኝም ብሎ የማይጨነቅ መምህር ሞልቷል። ነገር ግን የጻፍሽልኝ በሙሉ ስለ እነሱ ነው። አንቺ ሰሌዳው ፊት ቆመሽ ስለምታደርጊው አንድም መስመር የለም። ከዚያ ብትጀምሪ ይሻላል።

ትምህርት ቤቱ ከፈቀደልሽ አንድ ክፍለ ጊዜ ድምፅሽን በስልክሽ ቅጂ። ስታዳምጪው አንድ ነገር ብቻ ለኪ፦ ከጠየቅሽ በኋላ መልሰሽ እስክትናገሪ ስንት ሰከንድ ያልፋል? ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህንኑ አጥንታ ነበር። አብዛኞቹ መምህራን የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ነው። ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲያደርጉት የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላው ግኝቷ ነው። መምህራኑ ጎበዝ ያሏቸውን ልጆች ታግሰው ይጠብቃሉ፤ ደካማ ያሏቸውን ቶሎ ያልፏቸዋል። ጊዜው ይበልጥ የሚያስፈልገው ለየትኞቹ ነበር?

ጭጭ ያለው ክፍልሽ እያሰበ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ደብተር ያዢ። ከክፍል ስትወጪ ሳይረሳሽ ጫር ጫር አድርጊ። ዛሬ ደጋግሜ የጠራሁት ማንን ነው? ዓይኔ ያላረፈበት ጥግ የቱ ነው? ምን አናደደኝ? በተለይ የመጨረሻዋን አትዝለያት። አንድ ልጅ አንድ ሦስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ብሎ ጻፈና ደምሽ ፈላ እንበል። ልጁ ግን 3 ከ2 እንደሚበልጥ ያውቃል፤ ያንኑ ነው እዚህ ያመጣው። አንቺ ሒሳብ ቀሎሽ ስላደግሽ መንገዱ አልታየሽም። ንዴትሽን ስትመረምሪ ነው የልጁ አስተሳሰብ ብቅ የሚለው።

ታዲያ ራስን መመርመር ማለት ራስን መውቀስ አይደለም። እንቅልፍ አጥቶ የሚመጣ አለ፤ የቤቱ ጣጣ የከበደው አለ። ያንን ሁሉ በራስሽ ላይ አትጫኚ። ግምትሽንም እነሱን ጠይቀሽ አረጋግጪ። ስም የሌለው ብጣሽ ወረቀት ስጪያቸውና «ዛሬ የቱ ጋ ግራ ገባችሁ?» በያቸው። የሚጽፉትን ስታነቢ ትደነግጫለሽ፤ ምንም አይደል።

ደብተሩ ለሥራ ፍለጋም ይጠቅምሻል። የመምህር ቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ «ያልተሳካልሽ ክፍለ ጊዜ ነበር? ምን አደረግሽ?» ሊሉሽ ይችላሉ። ብዙው አመልካች እዚህ ጋ «ተማሪዎቹ ፍላጎት አልነበራቸውም» ብሎ ይወድቃል።

እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ሞክሪው። ያኔም ልልቀቅ ካልሽ ጻፊልኝ፤ ሲቪሽን አብረን እናየዋለን።