ጣሊያኖች ከየት መጡ? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ስለ ጣሊያኖች ታሪክ ከተላኩት ጥያቄዎች አምስቱን እነሆ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዛሬዎቹ ጣሊያኖች የጥንቶቹ ሮማውያን ልጆች ናቸው? (ከደሴ)

በከፊል። ሮም ገና ትንሽ ከተማ ሳለች ከሰሜኗ ኤትሩስካውያን፣ በፖ ወንዝ ሜዳ ኬልቶች፣ በደቡብ ደግሞ ናፖሊንና ሲራኩዛን የቆረቆሩ ግሪኮች ይኖሩ ነበር። ሮም ሁሉንም አስገበረች፤ ዜግነት ለመስጠት ግን እጇ አልተፈታም። በየጦርነቱ የተሰለፉላት አጋሮቿ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ91 ዓመፁባት፤ «ኢታሊያ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የራሳቸውን ገንዘብ እስከ መቅረጽ ደረሱ። ሮም ጦርነቱን አሸነፈች፣ የተጠየቀችውን ዜግነትም ሰጠች! የጣሊያንን ሕዝብ ልደት ቁጠር ብባል ሮምን ቆረቆረ ከሚባለው ከሮሙሉስ ተረት ይልቅ ከዚህ ዓመፅ እጀምራለሁ። መጤውም በዚያ አላበቃም፤ በ568 ሎምባርዶች ከሰሜን ገቡ፤ ሲሲሊን በ9ኛው ክፍለ ዘመን ዐረቦች፣ በ11ኛው ኖርማኖች ያዟት።

ታዲያ እስከ 1861 አንድ መንግሥት ያጡት ለምንድን ነው? (ከሐዋሳ)

ከተሞቻቸው ሀብታም ስለ ነበሩ ነው ብል አይግረምዎት። ቬኒስ፣ ጄኖቫ፣ ፍሎረንስና ሚላኖ የየራሳቸው ንግድ፣ ጦርና ኩራት ነበራቸው። መሐል አገሩን ደግሞ የሮማው ፓፓ ይገዛ ነበር። በ1494 የሚላኖው ገዥ ሉዶቪኮ ስፎርዛ የፈረንሳይን ንጉሥ በናፖሊ ላይ አነሣሣ፤ ኋላ ፈረንሳዮች ሚላኖንም ወሰዱበት፣ እርሱም በእነርሱ እስር ቤት ሞተ። አንድነቱ የመጣው በሰሜኑ የፒየሞንቴ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር በካቩር ዲፕሎማሲና በ1860 አንድ ሺህ ያህል ፈቃደኞች ይዞ ሲሲሊ በወረደው በጋሪባልዲ ነው። ሮም የተጨመረችው በ1870 ነው።

ሲዋሐዱ ቋንቋቸው አንድ ነበር? (ከአዲስ አበባ)

አልነበረም። የተማረው ሰው ዳንቴ በጻፈበት በፍሎረንስ ቋንቋ ይጽፋል፤ በየቤቱ ግን የሚነገረው የየአካባቢው ነበር። ትምህርት ቤት፣ ውትድርናና ቴሌቪዥን ቀስ በቀስ አቀራረቧቸው።

ዓድዋ ላይ የተሸነፈው መንግሥት ዕድሜው ስንት ነበር? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

35 ዓመት ብቻ። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፍራንቼስኮ ክሪስፒ ነው። ሲሲሊያዊ ነው፤ በ1860 ከጋሪባልዲ ጋር ለነጻነት የዘመተ ሰው ነው። ይኸው ሰው በእርጅናው የሌላውን አገር ነጻነት ለመንጠቅ ጦር ላከ። ለደቡብ ድሃ ገበሬ በአፍሪካ መሬት ይገኝለታል ይል ነበር፤ ገበሬው ግን ወደ ኒው ዮርክና ወደ ቦነስ አይረስ ይሳፈር ነበር። የሽንፈቱ ወሬ ሲደርስ በጣሊያን ከተሞች ሕዝብ አደባባይ ወጣ፣ ክሪስፒም ሥልጣን ለቀቀ።

ዘውዱስ መቼ ቀረ? (ከባሕር ዳር)

ጁን 2 ቀን 1946 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ። ሴቶችም ድምፅ ሰጡ፤ ሪፐብሊክ 12.7 ሚሊዮን፣ ዘውድ 10.7 ሚሊዮን ያህል ድምፅ አገኙ። የመጨረሻው ንጉሥ ዳግማዊ ኡምቤርቶ ወደ ፖርቱጋል ተሰደዱ።