መልስ፦ ዝናብ የገባበትን የመኪና መቀመጫ ስለማድረቅ

መስኮቱ ተከፍቶ አድሮ የጨርቅ መቀመጫዎ በዝናብ መራሱን ጽፈዋል። እባክዎ ዛሬውኑ ይጀምሩ፤ እርጥበቱ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ከቆየ ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል።

ዋናው ችግር ጨርቁ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ነው። ላዩ ደርቆ ውስጡ ውሃ እንዳዘለ ይቆያል። ደረቅ ፎጣ አንጥፈው በጉልበትዎ ይጫኑት፤ ፎጣው ውሃ መምጠጥ እስኪያቆም እየቀያየሩ ይድገሙት። አይሹት፣ ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይገባል። ውሃ የሚስብ ቫኪዩም ካገኙማ ከሁሉም ይሻላል። ከዚያ በሮቹን ከፍተው ቬንትሌተር ያዙሩበት። የወለሉንም ምንጣፍ ያንሱ፤ ውሃ ከሥሩ ይተኛል።

ከደረቀ በኋላ ሽታ ካለው ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰው ያሳድሩና በቫኪዩም ይሳቡት። መቀመጫው ማሞቂያ ካለው ግን ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አያብሩት። መቀመጫውን ለመንቀልም አይቸኩሉ፤ በብዙ መኪኖች ከሥሩ የኤርባግ ገመድ ስላለ ለባለሙያ ይተዉት።